ቡላዋ ባዝራና የቀኝ እርካብ

እኔ ኦርቫል ቲግ፣ በኔቫዳ የሶልት ዌልስ ሸለቆ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኦክቶበር 9 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊው ጠበቃ ሃስኬል ፕሩት ነው። ምስክሮቹ የፈረስ ጫማ የሚመታው ወዳጄ ዌንደል ክራውችና ጎረቤቴ ወይዘሮ አይዴላ ናይ ናቸው። ልጆቼ ቨርንና ሉቲ አጠገቤ ቆመዋል። ፕሩት የሚባለውን ሁሉ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ።

ሬሳዬ ከሚስቴ ጎን ይቀበር። ሰባኪ አይጠራ። በቁሜ ሳልሰማው የኖርኩትን ሰውዬ ሞቼ እንድሰማው አታድርጉኝ።

የብረት ምድጃው ለክራውች ይሁን። ስንት ክረምት አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ወገቡ አማርሮብኛል፤ ከእንግዲህ በራሱ ቤት ያማርር።

የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ለሉቲ ይሁን። ሳትጠራ የመጣች እሷ ብቻ ናት።

ቤቱን፣ ምንጩንና የግጦሹን መሬት ለቨርን እተዋለሁ። ነገር ግን ቡላዋን ባዝራ እኔ እያየሁ ዛሬ ከጋለባት፣ ከእኔም በኋላ በሕይወት ካኖራት ብቻ ነው።

«ባዝራዋን?» አለ ቨርን። «አባዬ፣ ለውሻ ቀለብ ፈረስ የሚሰበስበው መኪና ሰኞ ይመጣል። ይውሰዳት! ትከሻዬን የሰበረችው እኮ እሷ ናት።»

«በግራ ስለሄድክባት ነው።»

«ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ነዋ! አያቴም በግራ፣ አንተም በግራ።»

እኔ የግራ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ በቀኝ እንጂ መውጣት አልችልም። ባዝራዋ ከዱር የመጣች ሙስታንግ ናት። ሊገሯት የሞከሩትን ሁሉ ጥላቸዋለች። እኔ ከመጀመሪያው በቀኟ ቆምኩ። አንድ ክረምት ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ድርቆሽ ከማቀበል በቀር ምንም አላደረግሁም። በሚቀጥለው እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ከዚያ ባዶ ጆንያ፣ ከዚያ ኮርቻ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። የዱር ፈረስ በአንድ ዓይኑ ያየውን ሌላው ዓይኑ አያውቅም። የባዝራዋ ቀኝ ሰው ለምዷል፤ ግራዋ ገና ተራራ ላይ ነው። እሱን ለማስለመድ ዕድሜ አልተረፈኝም።

«ፈራህ እንዴ ቨርን?» አለ ክራውች። «ምድጃው ደርሶኛል፤ ቤቱንም ልጨምር?»

«አንተ ሽማግሌ፣ አርፈህ ተቀመጥ። በቀኝ ስወጣ ያየ ሰፈር ሁሉ መሳቂያ ነው የሚያደርገኝ።»

«ሰፈሩ እኔና ወይዘሮ ናይ ነን። እሷ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል።»

«ዓይኔ ደህና ነው» አለች ወይዘሮ ናይ። «ሂድ ልጄ፣ አባትህን አታስጠብቅ።»

እዚህ ላይ ቃሌን አቋረጥኩ። ሉቲ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ቨርን እንዳልኩት በቀኟ ተጠጋ። ትከሻዋን ዳሰሰ፣ ቀኝ እግሩን እርካቡ ውስጥ አግብቶ ወጣ። ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። በረቱን በእርምጃ ዞሩት። ደግመው ዞሩት።

«አባዬ! አየኸኝ?» ብሎ ጮኸ። ልጅ ሳለ እንደሚስቀው ሳቀ። እጄን መስታወቱ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሲወርድ እንደኖረው በግራ ወረደ።

አንድ እግሩ ገና ከእርካቡ ሳይወጣ ሰው በማታውቀው ጎኗ ቆሞ አየች። ጎተተችው፣ ጣለችው፣ አጥሩን ልትዘል ተነሳች። የፊት እግሯ በአጥሩ ሁለት ግንዶች መሃል ገብቶ ሲሰበር ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማ። ክራውች ማንንም ሳይጠይቅ ጠመንጃዬን ከበሩ በላይ አውርዶ ወጣ። አንድ ጊዜ ተኮሰ።

ቃሌን እቀጥላለሁ።

ስለ ባዝራዋ የተናገርኩት ይሰረዝ።

«በቀኝ ወጣሁ እኮ፣ አባዬ» አለ ቨርን በሩ ላይ ቆሞ። «እንዳልከኝ ነው የወጣሁት።»

«አዎ፣ እንዳልኩህ ነው።»

ስለዚህ ቤቱም ምንጩም መሬቱም የእሱ ነው። ሰኞ መኪናው ሲመጣ ይዟት ይሂድ። ለፈረስ የሚበቃ ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእሱም ቀኝ እጅ ተሰብሯል።

ኮርቻዬን የሚወርስ የለም። የቀኝ እርካቡ ጠፍር ከግራው ረዝሟል፤ ለሌላ ፈረስ አይሆንም።

ለልጆቼ የምተወው ምክር እንዳለ ፕሩት ጠይቆኛል። ለቨርን አወጣጡን ነግሬው ነበር፤ አወራረዱን አልነገርኩትም። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ቃሉ ተነብቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ኦርቫል ቲግ

እኛም ሲናገር ሰምተናል፣ የሆነውንም አይተናል። ዌንደል ክራውች፣ አይዴላ ናይ

ወራሾች መስማማታቸውን፦ ሉቲ ቲግ፤ ቨርን ቲግ (በግራ እጁ የፈረመ)