የላንቃዋ ቁልፍ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባዬ ከአልጋው ተነሳ? መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ እንደ ልማዱ ትራሱ ሥር ይደብቀዋል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው እንጂ፣ ድካሙስ አጥንቴ ድረስ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ እውልና ቤት ስገባ ልጄ ድምቡሼ አፏን ዘግታ ትጠብቀኛለች።

አባዬን ልታስታምሚ ከሄድሽ ወዲህ ልጅቷ ለማንም አልከፍትም ብላለች። ላንቃዋ ላይ የተገጠመውን ብረት እንደምታውቂው በየቀኑ በትንሿ ቁልፍ ማዞር አለብን። የላይኛው መንጋጋዋ ቀስ በቀስ ሲሰፋ ነው ቀዶ ሐኪሙ ከዳሌዋ አጥንት ወስዶ የድዷን ክፍተት የሚሞላላት። አንቺ እያለሽ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ ተቆጣኋት፤ ጥርሷን ግጥም አደረገች። አባቷም ቢሞክር ጣቱን ነከሰችው። በእልህስ የአያቷ ልጅ ናት!

ባለፈው ሳምንት ጥርሷን የምታስተካክለው ሐኪም አይታት በጣም ከፋት። ከክፍተቱ አጠገብ ያለው ጥርስ ከድዷ ሊበቅል ደርሷል፣ አጥንቱ ቀድሞ ካልተተከለ የሚይዘው አያገኝም፣ ብረቱ እንዲህ ሳይዞር ከቀጠለ ደግሞ ቀዶ ጥገናውን እናራዝመዋለን አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የተሰነጠቀ ከንፈሯ ሲሰፋ፣ ላንቃዋ ሲዘጋ፣ ጆሮዋ ሲታከም፣ ከተወለደች ጀምሮ የሆስፒታል ወንበር ላይ ነኝ። ሰለቸኝ እማዬ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ትናንት ከሥራ ስገባ አያትሽ እንዴት አድርጋ ነው የምታሳምንሽ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ የራሷን ጥርስ አውልቃ ታስይዘኛለች አለችኝ። ለካ ሰው ሠራሽ ጥርስሽን መያዣ እየሰጠሽ ኖሯል! ሳቄ መጣ። ግን እኔ የማወልቀውን ጥርስ ከየት ላምጣ?

ያለኝን አሰብኩ። የእኔም ከንፈር በልጅነቴ እንደነገሩ ተሰፍቶ፣ ድዴ ግን እንደተከፈተ መቅረቱን አንቺ ታውቂያለሽ። ስስቅ እጄ አፌን ይቀድመዋል፤ ባለቤቴ እንኳ ውስጡን ደህና አድርጎ አይቶት አያውቅም። ድምቡሼም የምታውቀው ጠባሳውን ብቻ ነው። መብራቱ ሥር ተቀመጥኩና አፌን ከፈትኩላት። ጣቷን አስገብታ ክፍተቱን ዳሰሰችው፣ የተጣመመውን ጥርሴንም ነካካችው። ከዚያ የኔ ካንቺ ይሻላል ብላ አፏን ከፈተች።

ቁልፉን አዞርኩ። ስጨርስ፣ ያንቺንስ ማን ያዞርልሻል አለችኝ። ወጡን ላሙቅ ብዬ ተነሳሁ።

እማዬ፣ አይክፋሽ። ያኔ ቢቻልሽ ኖሮ በጀርባሽ አዝለሽ ትወስጂኝ እንደነበር አውቃለሁ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን ጠፋሽ በያት፤ ወንድሜንም ከነሚስቱ ሰላም በይልኝ፣ ሕፃኑን ጉንጩን ንከሺልኝ። የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ በጸሎትሽ አትርሽን። ድምቡሼ ግን ዛሬ ጠዋትም ያንኑ ጥያቄ ደገመችልኝ። ምን ልበላት እማዬ?

ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍላችን
እሑድ፣ ጥቅምት ፱ ቀን