ቀጭኑ ጫፍ

ማክሰኞ

ዳዊት ሳይጠይቀኝ ግጥሚያ ያዘልኝ። እሑድ ከሐያት ጋር እጫወታለሁ። ሐያት ተክለ ሃይማኖት በኩል ካለው ፑል ቤት ናት፤ ቪዲዮዋን ሰፈሩ ሁሉ ይቀባበለዋል። እኔን ማንም አያውቀኝም።

ዳዊት ታላቅ ወንድሜ ነው። ልደታ ማርያም ጀርባ ያለችው ፑል ቤት የሱ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እዚያው ነኝ። እጠርጋለሁ፣ ኳስ እደረድራለሁ፣ የመምቻ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ሲያልቅ አዲስ እለጥፋለሁ። የምጫወተው ጠዋት ብቻ ነው፣ ሰው ሳይመጣ። ደንበኛ ካለ ሴት ልጅ ጠረጴዛ አትነካም ይላል።

ዛሬ ግን ደንበኞቹ ፊት «ካሸነፈች ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓትም ከእናንተ እኩል ተራ ትይዛለች» አለ። ቢኒ፣ ያ ሁልጊዜ የማይጠፋው ደንበኛ፣ ሳቀ። «ጭምቷ? መጀመሪያ ቀና ብላ ትየን!»

ቀና አላልኩም። ግን ከእነሱ እኩል! ብሸነፍስ? «ከተሸነፈችማ ወደ መጥረጊያዋ» አለ ዳዊት። ጠዋቱንም ይከለክለኝ ይሆን? አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ

የእኔ እንጨት ወፍራም ነው፣ ጫፉ አስራ ሦስት ሚሊሜትር። ዳዊት የሐያትን ቪዲዮ ደጋግሞ አሳየኝ። የሷ ቀጭን ነው። ነጯን ኳስ ስትመታት ሌላዋን ነክታ ወደ ኋላ ትመለሳለች። «አየሽ? የአራዳ ጨዋታ ይሄ ነው። በዚያ አጣና ይሄ ይወጣል?»

ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ግን እኔ ኳስ ማሽከርከር ብዙም አይደለሁም። የምወደው ቀጥ ያለ ምት ነው። ወፍራሙ ጫፍ የነጯን መሃል ትንሽ ብስትም ይምረኛል። ይህን ልነግረው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። «እሺ» አልኩ። እሺ ከሌላው ቃል ሁሉ ቀድማ ትወጣብኛለች።

ከሰዓት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አናጢው ጋሽ ታደሰ ጋ ሄድን። ቀጭን ቆዳ ለመለጠፍ እንጨቱ ራሱ ጫፉ ላይ መቅጠን አለበት። ጋሽ ታደሰ አገላብጠው አዩትና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንዴ ከተላገ አይመለስም። ትፈልጊያለሽ?»

«ትፈልጋለች» አለ ዳዊት።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ጥርሴን አመመኝ።

ሐሙስ

አስራ አንድ ሚሊሜትር። ጠዋት ብቻዬን ሞከርኩት።

የወደድኩት፦ ነጯ እውነትም ወደ ኋላ ትመለሳለች። መጀመሪያ ስትመለስ ብቻዬን ሳቅኩ። ጫፉ ስለማይጋርደኝ ኳሷን የቱ ጋ እንደምመታት በደንብ ይታየኛል።

የጠላሁት፦ የቀረውን ሁሉ። ከመሃሏ ፀጉር ታህል ከሳትኩ ነጯ ሳላዛት ትሽከረከራለች። ቅርብ ላይ አይታወቅም። ረጅም ምት ላይ ግን ኳሷ ቀዳዳው አፍ ደርሳ ጠርዙን መትታ ትመለሳለች። በወፍራሙ ዐይኔን ጨፍኜ የማስገባቸውን ሳትኩ። እጄ ነው ወይስ እንጨቱ? እጄማ ሰኞም ይሄው እጄ ነበር።

ቅዳሜ

ትናንት ክንዴ ዝሎ አልጻፍኩም። ዛሬ ምቴ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እንጨቱን አላመንኩትም።

ለዳዊት ነገርኩት። ማለቴ፣ ግማሹን። ብርጭቆ እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ «ግድግዳው ላይ ካሉት ወፍራሞች በአንዱ ብጫወትስ?» አልኩት።

«ሰዉ ቪዲዮ ሊቀርፅ ነው የሚመጣው። እንደ አሮጊት ቀጥ፣ ቀጥ እያደረግሽ ልታሳፍሪኝ ነው?»

«አይ» አልኩ።

ንዴቴ አሁን ነው የመጣው፣ አልጋ ላይ። በሱ ዐይን የሚጫወተው ፑል ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞ እሱ ባያጫውተኝ ማን ያጫውተኝ ነበር? በሁለቱም ያናድደኛል።

እሑድ

ተሸነፍኩ።

ከቅዳሴ መልስ ጀመርን። ቤቱ ሞልቶ በሩ ላይ ሁሉ ቆመዋል። ሐያት ረጅም ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አልበላሽም» ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር።

መጀመሪያ ጥሩ ነበርኩ። አንዷን አስገብቼ ነጯ ወደ ኋላ ስትመለስልኝ ቢኒ እንኳ «ኧረ ጭምቷ!» ብሎ ጮኸ። ዳዊት ስልኩን ይዞ ይዞረኛል። ሐያት ግን ምንም የሚታይ ነገር የላትም። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ።

መጨረሻ ላይ ጨዋታውን የምትዘጋው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረችኝ። ረጅም ምት ናት፣ ግን ቀጥ ያለች። የነጯን መሃል የመታሁ መስሎኝ ነበር። ጥቁሯ ጠርዙን መትታ ተመለሰች። ሐያት የቀሯትን አስገባች፣ ጥቁሯንም ጨመረች።

«አላልኳችሁም?» አለ ቢኒ። ዳዊት ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሐያት ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ። ያኔ ነው እንጨቷን ከቅርብ ያየሁት። ጫፉ ወፍራም ነው።

«ያንቺ ቀጭን አልነበረም እንዴ?» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«እሱማ ለቪዲዮ ነው» ብላ ሳቀች። «ግጥሚያ ላይ በሱ ማን ይጫወታል? ማን መረጠልሽ?»

ዳዊት አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሰምቷል። ወንበር መሰብሰብ ጀመረ።

«ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ ነይ» አለችኝ ሐያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወፍራም እንጨት ሞልቷል።»

ሰኞ

ጠረግኩ። ኳስ ደረደርኩ። የእኔን እንጨት አወረድኩና የወፍራም እንጨት ቆዳ ለካሁበት። ዙሪያውን ተርፎ እንደ ባርኔጣ ተቀመጠበት።

ዳዊት ገባ። «ከእንግዲህ ጠረጴዛውን ጠዋትም አትንኪው። ጨርቁን እየበላሽው ነው።»

«ትናንት ሰምተሃታል» አልኩት።

«ማንን?»

«ሐያትን። በወፍራሙ ልጫወት ብዬህ ነበር።»

«መቼ አልሽ? ‹ብጫወትስ› ነው ያልሽው። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ።»

እውነቱን ነው። ከመሸነፌ ይልቅ የመረረኝ ይሄ ነው። ጋሽ ታደሰ እንኳ እኔን ነበር የጠየቁኝ፤ መሬት መሬት ሳይ ዳዊት መለሰልኝ።

ጨርቁን መቦረሽ ጀመርኩ። ከዚያ ቀና አልኩና «ነገ ጠዋት ሐያት ጋ እሄዳለሁ» አልኩት። ልሂድ ወይ አላልኩትም።

«ማን ፈቀደልሽ?»

መቦረሼን ቀጠልኩ። እሱም ወደ ደጅ ወጣ። አትሄጂም አላለም። ነገ በሩ ላይ ስደርስ ይለኝ ይሆናል።