የአውራ ጣቴ ኮርቻ

ሰኞ
በጥልቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፦ ዛሬ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል። ይህ የደረሰው የአሶሳን ሰው ግማሹን ባለቁልፍ ባደረገ ልብስ ሰፊ ላይ ነው! በክረምቱ ጭቃ ተንሸራትቼ የሰበርኩት የቀኝ አውራ ጣቴ ጀሶው ተፈታለት። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቱ ግን እንደ እንግዳ ተገትሮ ያየኛል። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ሱቁ ውስጥ የዩኒፎርም ጨርቅ ተቆልሏል። ባለቤቴ ሐዋ ደንበኛውን ሁሉ "ነገ" እያለች ትመልሳለች። መቀስ መያዝ ካቃተኝስ? ምን ሠርቼ እበላለሁ?

ማክሰኞ
ሐኪም ቤት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጅ ናት፣ ቁጣዋ የአማት። አውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓው አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ እንደ ኮርቻ ነው አለችኝ። አንዱ አጥንት ኮርቻ፣ ሌላው ጋላቢ። ጋላቢው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። "መቀስ የሚይዙት በሱ ነው፣ አባባ።" አባባ! የተሰበረው ጣቴ ነው፤ ዕድሜዬን ማን ነካው?
ለካ ዘመኔን ሁሉ ኮርቻ ይዤ በእግሬ ስኳትን ኖሬያለሁ።
የቤት ሥራ፦ እጅን ለብ ባለ ውሃ መንከር። አውራ ጣትን ከየጣቱ ጫፍ ማገናኘት። ሌባ ጣት፣ ደረሰ። የመሃል ጣት፣ በልመና። ትንሿ ጣት ሩቅ አገር ናት።

ረቡዕ
ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ሊጠይቁኝ መጡ። "አምጣ፣ አንዴ ላሽከርክረው፣ ይለቃል" ብለው ጣቴን እንደ ቡሎን ያዙት። ጮህኩ።
"ጋሼ፣ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የሚሾር ሰው አይተው ያውቃሉ?"
"የሰከረ አይቻለሁ" አሉ።
ሐዋ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ፣ ያንን ጣት ካጠመዘዙት ዩኒፎርሙን እርስዎ ይሰፉታል" አለች። ወዲያው ለቀቁኝ። አላህ ይስጣት።

ዓርብ
አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከረጅም መቋረጥ በኋላ ፊት ለፊት ተገናኙ። ውይይቱ አጭርና ወዳጃዊ ነበር። አልሐምዱሊላህ። ሐዋ እልል አለች፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ቅዳሜ
ቆረጥኩ! የመጀመሪያውን ሱሪ፣ ብቻዬን፣ ያለ ማንም እርዳታ። ትንሽ አመመኝ፤ ግን የሥራ ሕመም ነው፣ ደስ ይላል።

እሑድ
እርማት። በትናንትናው ዕለት "ብቻዬን፣ ያለ ማንም እርዳታ" ተብሎ የተገለጸው ከእውነት የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። ጨርቁን በጠመኔ ያሰመረችው፣ ወጥራ የያዘችው፣ ጣቴ ሲዝል መቀሱን ተቀብላ የጨረሰችው ሐዋ ናት። የእኔ ድርሻ አንዱ የሱሪ እግር ብቻ መሆኑ ታውቆ፣ ምስጋናው ለሚገባት እንዲዛወር።