የአባዬ ትርፍ ሴራሚክ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ወገቤን ይዞኛል ያልከውስ ለቀቀህ ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆትና ከወለላችን ሴራሚክ በስተቀር ደህና ነን። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል እንደምትል አውቃለሁ። ስልክማ አለ። ግን አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ልብስ እያጣጠፈች ጆሮዋን ታቆማለች። እንኪ አናግሪው ስላት ደግሞ ደህና ነች በይው ብላ ፊቷን ታዞራለች። እሷ እየሰማች የማልናገረው ነገር ስላለኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

አስቀድሜ ግን ንዴቴን ላውጣ፤ ካልሆነ ቆሽቴ አርሮ ማለቁ ነው።

ማሽን ገዛሁ። አዎ፣ እኔ! ሴራሚክ የሚቆርጥ፣ በውሃ የሚሠራ ማሽን። ነገሩ የጀመረው መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ያለው ሴራሚክ ተሰብሮ ሲገኝ ነው። አንድ ፍሬ ሴራሚክ! ባለሙያ ጠራሁ፣ ለአንዲት ፍሬ ነው እንዴ የጠራሽኝ ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው እመጣለሁ እያለ ሲያመላልሰኝ ከረመ። ሦስተኛው መጣ፣ ዙሪያውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ወለሉን በሙሉ ካላነሳሁ አልነካውም አለኝ። አባዬና አንተ በእጃችሁ ያነጠፋችሁትን ወለል! አመስግኜ ሸኘሁት።

ጎረቤታችን ጡረተኛው ያን ሰሞን የኩሽናውን ግድግዳ በትንሽ ማሽን ራሱ ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው፣ እኔም ሄድኩና ገዛሁ። የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ትልቁን ተይው፣ እሱ ለተቋራጭ ነው፤ አልፎ አልፎ ለቤት ጥገና ከሆነ ይቺ ርካሿ ትበቃሻለች አለኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እንዴት እንደምትሠራ ልንገርህ። ትንሽ ጠረጴዛ ነገር ናት፤ መሐሏ ላይ ዲስክ ብቅ ብሏል፣ ከሥሩ ውሃ የሚሞላበት ሳህን አለ። ዲስኩ ውሃው ውስጥ እየተነከረ ይዞራል፤ አቧራው እንዳይነሳና ዲስኩ እንዳይግል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ውሃው ሳህኑ ውስጥ አይቀመጥም፣ እኔ ላይ ነው የሚመጣው! ከደረቴ እስከ ፀጉሬ ነጭ ጭቃ ሆንኩልህ። ውሃው ማለቁን ሳላይ ደግሞ መቃጠል መቃጠል ሸተተኝ፤ ሴራሚኩን ሳነሳው ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።

ይኼስ ይሁን። ሴራሚኩን አስጠግተው የሚገፉበት ብረት አለ፤ የፈለግከውን ያህል አጥብቀው፣ መሐል መንገድ ላይ ሲደርስ ሸርተት ይላል። ቀጥ ብሎ ይጀምርና ጠሞ ይጨርሳል። እኔ እኮ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ! ያን ሁሉ ድርብርብ ጨርቅ ጠርዙን ሳላዛንፍ የምቆርጥ ሴት አንድ ሴራሚክ አቃታት ብዬ ልቤ ውልቅ አለ። እዚያው በሩ ጥግ ያለውን የቧንቧ ጎን ተከትሎ የሚቆረጠውንማ አታንሳብኝ። ስንቱን ሰበርኩት መሰለህ።

ግን እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ፣ ከማን ወርሼው። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ጠርዙ መርገፍ ተወ። ያን የሚሸራተት ብረት ከፋብሪካ በተዋስኩት መቆንጠጫ ጠፍሬ አሰርኩት። መግፋቱንም ተውኩና ዲስኩ ራሱ እስኪበላው ድረስ ቀስ ማለት ለመድኩ። በመጨረሻ አንዱ ልክክ አለ! ማጣበቂያውን ቀብቼ አስቀመጥኩትና እማዬን ጠርቼ አሳየኋት።

ጎበዝ አለችኝ። እንዲሁ በደረቁ። ለወንድምሽ ነግረሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እነግረዋለሁ፣ ይኸው ሠራሁት አልኳት። ሄዳ ተኛች። ያን ሁሉ ጭቃ የጠጣሁት ለዚህች ምስጋና ነው እንዴ ብዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኩሽና ውስጥ ሌላ ተሰበረ። እሱን ቆርጬ ገጠምኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ተከተለ። አንዱን ስደፍን ሌላው! እየሠራሁ አልቅሼ አውቃለሁ፤ የማሽኑ ውሃ ፊቴን ስላራሰው ማንም አላየኝም እንጂ። አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ታስታውሰዋለህ? አባዬ ይኼ ቀለም ነገ ከገበያ ይጠፋል ብሎ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ትርፍ ሴራሚክ። እውነቱን ነው፣ ከተማውን ዞሬ አጣሁት። ካርቶኑ ደግሞ እየጎደለ ሄደ። እሱ ካለቀ የአባዬ ወለል ላይ ባዕድ ቀለም ልንለጥፍ ነው ብዬ ስጨነቅ ሥራ ቦታ ሁሉ ሐሳቤ እዚያ ነው።

አንድ ቀን ብሶብኝ እማዬ ላይ ጮኽኩባት። ምን እየጣልሽ ነው የምትሰብሪው፣ ትንሽ አትጠነቀቂም ወይ አልኳት። ምንም አልጣልኩም፣ ቤቱ ነው ያረጀው፤ መፍረስ ጀምሯል፣ ይፈርሳል አለችኝ። ነገሩ ምን ያስቃል? እሷ ግን ልትስቅ ምንም አልቀራት። ለወንድምሽስ ነገርሽው ወይ አለችኝ ደግማ። ኧረ ተይኝ እማዬ፣ እሱ ከዚያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል ብዬ በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ጡረተኛው የኮሪደሩን መጥቶ አየልኝ። እርጥበት የነካው ሴራሚክ ከጠርዙ ነው የሚነሳው፤ ይኼ ግን መሐሉ ላይ ነው የተሰነጠቀው አለኝ። ባልዲ ወድቆበት ይሆናል አልኩት። ይሆናል አለና ሌላ ወሬ አነሳ። ጨዋ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጊዜ ተለቀቅን። እማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ልብስ ላጥብ ብዬ የቆሸሸውን ቅርጫት ስገለብጥ፣ በእሷ የሌሊት ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ወደቀ። የአባዬ መዶሻ። ያ እጀታው ላይ ጥቁር ፕላስተር የጠመጠመበት፤ ጠፋ ብዬ ስንት ጊዜ የፈለግኩት። ጫፉን በጣቴ ብነካው ነጭ ዱቄት ቀረብኝ። ያንን ዱቄት ደግሞ እኔ ሳላውቀው ማን ያውቀዋል?

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቷ መታጠፍ ካቆመ መቆየቱን ታውቃለህ። የተሰበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ የኩሽናው በርጩማዋ ሥር፣ የኮሪደሩ ወንበሯ ሥር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ በሩ ጥግ ገላዋን ስትታጠብ በምትቀመጥበት ቦታ። ሁሉም ተቀምጦ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው።

አባዬን ከቀበርን በኋላ የሆነውን እኔ አልረሳሁትም። ቤቱን ሽጪና እኔ ጋ ነይ አልካት። የአባታችሁን እጅ ሥራ ለማን ትቼ አለች። ተናደድክ፣ በሩ ላይ ቆመህ እንግዲያው ቤቱ ሲፈርስ ጥሩኝ ብለህ ወጣህ። እሷም ከኋላህ፣ አታስብ፣ ሲፈርስ እጠራሃለሁ ብላ መለሰችልህ። መሐላችሁ ቆሜ የበሩን እጀታ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይኸው ከዚያ ወዲያ አንተም አልመጣህ፣ እሷም አልጠራችህ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። የእናንተ እልህ ግን ሴራሚክ ነው የሚያስቆርጠው፣ ያውም እኔን! ተናድጄባችኋለሁ፣ በሁለታችሁም። ያንን ወለል እኮ ጉልበቷ ሳይደክም በእንብርክኳ እየወለወለች ነው ያሳደገችን። ጫማችንን ሳናወልቅ ከገባን ወለሉን እንጂ እኛን አታይም ነበር። ከአባዬ የቀራት እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጅሏ፣ ጎበዝ ልጅ ነኝ ብዬ እየተሯሯጥኩ እደፍንባታለሁ። ለካ የምዘጋው አንተ የምትመለስበትን በር ነው።

ከትናንት በስቲያ ደግሞ ደጃፉ ላይ ያለው ተሰብሮ አገኘሁት፤ ያኔ አንተ የቆምክበት። አልነካሁትም። ማሽኗን ውሃዋን ደፍቼ፣ አድርቄ ካርቶኗ ውስጥ መለስኳት። ምንም አልሆነችም፣ አሁን እንደውም ተግባብተናል። እራት ላይ እማዬ፣ የደጃፉን አትሠሪውም ወይ አለችኝ። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ እኔ አልችልም አልኳት። ሰሃኗን ትኩር ብላ አየችና፣ ታዲያ ለወንድምሽ መንገር ነዋ አለች። ከዚያ ጨምሪልኝ ብላ በላች። ጨምሪልኝ ካለች ስንት ጊዜዋ ነው፣ ወንድም ጋሼ።

ስለዚህ እየነገርኩህ ነው። ሲፈርስ ጥሩኝ ብለህ ነበር፤ ይኸው እየፈረሰ ነው፣ ጠርተንሃል። ካርቶኑ ውስጥ ገና ጥቂት ቀርቷል፤ እሱ ሳያልቅ ድረስልን። ስትመጣ ስለዚህ ደብዳቤ ትንፍሽ እንዳትል። በአጋጣሚ የመጣህ መስለህ ግባ፣ ደጃፉን እይና ውይ ቤቱ ፈረሰ እንዴ በላት። የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።

መንገዱን ያቅናልህ። ቤትህን፣ ልጆችህን ክፉ አይንካቸው። ወገብህንም ጎንበስ የምትልበት ጤና ይስጠው፣ የምታነጥፈው ሴራሚክ አለና።

ያኮረፈችህና የናፈቀችህ
ታናሽ እህትህ

ይቅርታ፣ ልዘጋው ስል ትዝ አለኝ። የሥራ ልብስህንና ሜትርህን ያዝ፤ መዶሻ ግን ይዘህ አትምጣ፣ እዚህ አለ። ካገኘሁበት ቅርጫት ውስጥ፣ እንደነበረው በሌሊት ልብሷ ጠቅልዬ መልሼዋለሁ።