ለአባቴ ሰዓት ያወጣሁት ዋጋ

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። አስቀድሜ የነገርሁዎ አጋምሰው እንዳይናደዱብኝ ብዬ ነው፤ ከፈለጉ ከአሁኑ ይናደዱና እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

አንሙት ማክሰኞ ዕለት ደወለልኝ። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ እንደሆነ፣ ዳሱም እርስዎ ግቢ እንደሚጣል ነገረኝ። ለወንድሜ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእርስዎን ቃል አደረሰልኝ። "አባባ 'ያን የስልክ ሱቋን ዘግታ ከመጣች ልጄ ናት፤ ሳትዘጋ ከሆነ ግን ደጄን እንዳትረግጥ' ብለዋል። እኔ ምን ላርግ አንች? መካከል ላይ ነኝ" አለኝ። ምንም አታድርግ አልሁት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ቃል በተለያየ ሰው አፍ ስሰማ ኖሬያለሁ። ለማስታረቅ የሄዱትን ሽማግሌዎች "አሮጌ ለቃሚ ልጅ የለኝም" ብለው መልሰዋቸዋል። እኔም አንድ ቀን ይበርድልዎታል እያልሁ ዝም አልሁ። አልበረደልዎትም። ስለዚህ መልሱን ከእኔው እጅ ያግኙት፦ አልዘጋም። የወንድሜ ሠርግ ቢቀርብኝም አልዘጋም።

ሥራዬ ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁምና ልንገርዎ። ሰው ያገለገለ ዕቃውን ያመጣልኛል፤ ራዲዮ፣ የስፌት መኪና፣ ምድጃ፣ ብርድ ልብስ። እኔ ፎቶ አንሥቼ፣ ዋጋ አውጥቼ፣ ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ዋጋ ማውጣቱ ግን የዋዛ አይደለም። ሻጭ የሚጠራውን ዋጋ አላምንም፤ ሰው ለተሰበረ ወንበሩ የዙፋን ዋጋ ሊጠራ ይችላል። እኔ የምፈልገው "ተሸጧል" የተባለበትን ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን የአዲስ አበባውንም የባሕር ዳሩንም ገበያ እየገባሁ አያለሁ፤ መርካቶ ላሉ ጠጋኞች እደውላለሁ፤ ዕቃውን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ከዚያ ከፎቶው ሥር ጉድለቱን አንድ በአንድ እጽፋለሁ። "አንዱ ማጥፊያ አይሠራም። እግሩ ተበይዷል።" ጓደኞቼ "እንዲህ እየጻፍሽ ማን ይገዛሻል?" ይሉኛል። ይገዙኛል እንጂ! "የመጨረሻ ስንት?" እያለ ሳምንት ሲጨቀጭቀኝ የከረመ ሰው እንኳ ዕቃው እጁ ሲገባ ሌላ ሰው ይልክልኛል።

የተቀየሙኝ በካፖርቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ከሚኖሩበት ከሮብ ገበያ የመጡት የባላቸው አርባ በወጣ ሳምንት ነው። የሟች ጥሩ ልብስ ለንስሐ አባት እንደሚሰጥ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ካፖርቱም ለወዳጅዎ ለአባ ወልደ ሚካኤል የታሰበ ነበር። ሴትዮዋ ወደ እኔ ያመጡት ሊሸጡት አልነበረም። አንድ ቁልፍ ወልቆበት፣ ከእኔ ዕቃዎች መካከል የሚመስለው ይገኝ እንደሆነ ብለው ነው። እኔ ግን ልማዴ ሆኖ ገለበጥሁት፣ ሱፉን ዳሰስሁ፣ የውስጡን ምልክት አነበብሁ፣ ስልኬን ከፍቼም አየሁ። ስድስት ሺህ ብር ያወጣል አልኋቸው።

ሴትዮዋ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔስ ሁለት መቶም የሚያወጣ አልመሰለኝ" አሉ። ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ "እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ አባ ፍትሐቱን ያደረሱለት ለካፖርቱ ብለው ነው? አይዶል!" ብለው ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያን ቀን ይመስለኛል። ካፖርቱ ተሸጠ። በብሩ ለድንች መሬታቸው ማዳበሪያ ገዙበት፤ ለአባ ወልደ ሚካኤልም አዲስ ጋቢ ሰጧቸው። የጋቢውን ነገር ግን ለእርስዎ የነገረ የለም። የደረሰዎ "ልጅዎ የካህኑን ድርሻ ቸበቸበችው" የሚለው ብቻ ነው። ዝም ማለት ነበረብሽ ሲሉኝ፣ ዋጋውን እያወቅሁ ዝም ብል የምሰርቀው እኔ ነበርሁ ብዬ መለስሁልዎ። ያን ቀን ከቤት አስወጡኝ። ዛሬም መልሴ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጥምጥም ያሰረ ሰው በሬን አንኳኳ። "ይስማው እባላለሁ። ከደብረ ኤልያስ ነኝ፣ ከየኔታ እንዳላማው ጉባኤ ቤት። ተማሪ አስጠናለሁ" አለኝ። ስምዎን ስሰማ የያዝሁትን ዕቃ አስቀመጥሁ። ወደ እርስዎ የመጣው እኔ ከተባረርሁ በኋላ ስለሆነ አያውቀኝም፤ እኔም የማን ልጅ እንደሆንሁ አልነገርሁትም። ከመሐረቡ ውስጥ አንድ የእጅ ሰዓት ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

የእርስዎ ሰዓት ነበር።

"ይኸ የየኔታ ነው። አንድ ተማሪያችን ኩላሊቱን ታሞብናል፣ ባሕር ዳር ሂዶ ይታከም ተብሏል። የኔታ ያላቸው ይኸው ነው። ለማንም ሽጠው ብለው ሰጡኝ። ገበያ ወርጀ ሦስት ሰው ብጠይቅ ሦስቱም ወደ አንች ላኩኝ" አለ። ከዚያም አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቀና ብሎ፣ "ልክ ዋጋውን ያውጡለት፣ ምጽዋት አልፈልግም ብለዋል" አለኝ።

መቼም የእርስዎ ልጅ ነኝና ልናዘዝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ክፉ ነበር። ሰዓቱን ራሴ ልገዛው፣ በሚያምር ወረቀት ልጠቀልለው፣ በሠርጉ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ልሰጥዎ። "አሮጌ ለቃሚዋ ያመጣችልዎ ነው" ልልዎ። ድምፄን እንዴት እንደማደርገው ሳይቀር እየተለማመድሁ አንድ ቀን ሙሉ ዋልሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ይስማው ያደረሰልኝ ቃል ትዝ አለኝ። ምጽዋት አልፈልግም ብለው ላኩ፤ እኔ ደግሞ ምጽዋቱን ከነውርደቱ ላሸክምዎ ነበር። በራሴ አፈርሁ። ሰዓቱንም እንደ ማንኛውም ሰው ዕቃ ልመረምረው ተቀመጥሁ።

ከእጅዎ ወልቆ አይቼው ስለማላውቅ ጀርባውን ያየሁት ያን ቀን ነው። "ለየኔታ እንዳላማው፣ ከደብሩ ምእመናን፣ 1975" ይላል። እንደ እርስዎ ያለ ሲኮ የሚባል የጃፓን ሰዓት የተሠራበት ዓመት ከጀርባው ቁጥር ይታወቃል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው። የእርስዎ ዘጠኝ ነው፤ በፈረንጅ ስልሳ ዘጠኝም፣ ሰባ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ዓመት ስቆጥር ውዬ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበርና፣ በሰባ አምስት ከተሰጠማ የተሠራው በስልሳ ዘጠኝ ነው አልሁ። የስልሳ ዘጠኙ ደግሞ ብርቅ ነው። አሥራ አራት ሺህ ብር ብዬ ለጠፍሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰዓት ሰብሳቢ ወዲያው "ያዥልኝ" አለኝ።

በማግስቱ ልልክለት ስጠቀልል ጽሑፉን ደግሜ አነበብሁት። ሳቄና ድንጋጤዬ አንድ ላይ መጣ። የደብረ ኤልያስ ምእመን በፈረንጅ ዓመት ያስቀርጻል እንዴ! ሰባ አምስቱ የእኛው ነው፤ እርስዎ ወንበር ዘርግተው ማስተማር የጀመሩበት ዓመት። በፈረንጅ ሰማንያ ሦስት መሆኑ ነው። ለስጦታ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ሰዓት አይገዛምና፣ ሰዓቱ የሰባ ዘጠኝ ነው፣ ዋጋውም በግማሽ ይወርዳል።

ዝም ማለት እችል ነበር። ገዥው አላወቀ፣ ብሩ ለታመመ ሰው ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ የአባቴ ነው። ከዚህ የተሻለ ሰበብ የት ይገኛል? ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥሁ፣ አንሥቼ አስቀመጥሁ። በመጨረሻ ደወልሁለት። "ወንድሜ፣ ዓመቱን ተሳስቻለሁ፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ነው" አልሁት። ሰውየው ግራ ገባው። "ዝም ብትይኝ እኮ አላውቅም ነበር" አለኝ። "ያሳደገኝ ሰው ቢሰማ ከመጀመሪያው ያስደግመኛል" አልሁት። እየሳቀ ገዛኝ።

እውነቴን ነው። እኔን ቅኔ አላስተማሩኝም፤ ግን የተማሪ ቅኔ ሲያርሙ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሀብታም ልጅም ይሁን የድኻ፣ የተበላሸችውን ቃል ሳይነግሩት አልፈው አያውቁም። ደስ ይለው እንደሆነ፣ ይከፋው እንደሆነ አያዩም ነበር። እኔ ይህን ለካፖርትና ለራዲዮ አደረግሁት። ለዚህ ነው የረገሙኝ?

ከፎቶው ሥር የጻፍሁትንም ይወቁት። "መስታወቱ ተጭሯል። ማሰሪያው የራሱ አይደለም። በቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ባለቤቱ ከአርባ ዓመት በላይ ከእጃቸው አላወለቁትም።" የመጨረሻዋ መስመር ጉድለት አይደለችም፤ ግን ጻፍሁት።

ይስማው ብሩን ሊወስድ ዛሬ ተመልሶ መጥቶ፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ደብዳቤውን እስክጨርስ ይጠብቃል። የማን ልጅ እንደሆንሁ አሁን ገና ነገርሁት። "ወየው ጉዴ! የኔታ ሲሰሙ ምን ሊሉኝ ነው?" ብሎ ራሱን ያዘ። የሚሉት ለእኔ ነው፣ አንተን አይነኩህም ብዬ አረጋጋሁት።

ብሩን በእሱ ልኬልዎታለሁ። ሲቆጥሩት ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው። የጎደለ እንዳይመስልዎ፤ አሥር በመቶው የእኔ የድካም ዋጋ ነው፣ ቆርጬ አስቀርቻለሁ። ከወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትም ቆርጫለሁ፣ ከማንም እቆርጣለሁ። ለታመመው ተማሪ ያዋጣሁት ለብቻው በሌላ ፖስታ ነው፤ እሱ በእኔና በተማሪው መካከል ነው፣ ከሰዓቱ ጋር አይደባለቅ። ከአባቷ ኪስ እንኳ የምትቆርጥ ጉድ ይበሉኝ። የእርስዎን በነጻ ሸጬልዎ ቢሆን ኖሮ፣ ሥራዬ የሚያሳፍር መሆኑን እኔም አመንሁ ማለት ነበር። አያሳፍርም። አላፈርሁበትም።

በሠርጉ ዕለት እመጣለሁ። ቻናሌ እንደተከፈተ ነው፤ ያን ቀን ጠዋትም አንድ የስፌት መኪና እለጥፋለሁ። በሩን ቢዘጉብኝ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ለወንድሜ እልል እላለሁ፤ ድምፄ ምን ያህል እንደሚሰማ ያውቃሉ። ቢከፍቱልኝ ግን ጉልበትዎን ስሜ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ሙሽሮቹ ሲዘገዩ እንደ ልማድዎ ወደ እጅዎ ያያሉ፤ እጅዎ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁኝ፤ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ዜማ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ