ከመጠጥ ያልቆጠርኩት

ይድረስ ለልጄ ለሽሩቅ፣

እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ሆድሽ እንዴት ነው፣ ጽንሱስ ይንቀሳቀሳል? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? ባልሽ ዋግዲስ ያንን የኩዌት ሙቀት እንዴት ቻለው? እኔና አባትሽ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንደ ወትሮው እንዳትጨነቂ ብዬ አይደለም፤ ዘንድሮ እውነቴን ነው። እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ ይህን በሦስት ቀን ነው የጻፍኩት፤ ፊደሌን ታገሺው።

ወንድምሽ ራጋብ ካረፈ ሁለተኛውን ረመዳን አሳለፍን። የደም ግፊት እንዳለብኝ ታውቂያለሽ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ደብቄሽ ነበር። መቶ ሰማንያ በመቶ አምስት ደርሶ ዶክተር ነርሚን «በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን አትሳፈሪም። ልጅሽን ላርስ ብለሽ ሄደሽ አንቺው ትታመሚባታለሽ» ብላ ከለከለችኝ። የሰጠችኝን ኪኒን ያለቀስኩ ቀን እውጣለሁ፣ ያላለቀስኩ ቀን እተወዋለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ «የነርቭ ግፊት ነው» ይላል። ጎረቤታችን ፋይቃም «የሐዘን ነው እኅቴ፣ ሐኪም ምን ያውቃል፤ ቀዝቃዛ ነገር ጠጪበት» ትለኛለች። እኔም ነርቬ ከረጋ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል አልኩ።

ከረመዳን በኋላ ዶክተሯ የደም ምርመራዬን አይታ «የራጋብ እናት፣ ፖታሲየምሽ ወርዷል፤ ለመሆኑ ምንድን ነው የምትጠጪው?» አለችኝ። «ውሃና ሻይ» አልኳት። አባትሽ ከጎኔ ጉሮሮውን ጠርጎ «የማለዳውን ማሰሮ የሚጨርሰው ታዲያ ጅኒ ነው?» አላለም መሰለሽ።

ልጄ፣ ዋሽቼ አልነበረም። ኢርቅ ሱስን ከመጠጥ ቆጥሬው አላውቅም። ራጋብ በረመዳን የኢርቅ ሱስን ጣፋጭ ሥር በውሃ አሽቶ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ጠብ ጠብ ሲያደርገው ትዝ ይልሻል? ከሄደ ወዲህ በየማለዳው እንደ እሱ እያሸሁ አንድ ማሰሮ እጠጣ ነበር። አረፋው ሲነሳ እጁ ያለበት ይመስለኛል።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። «ነርቭ እንደ ስልክ ነው» አለችኝ። «ክፉ ነገር ስትሰሚ ወዲያው ይደውላል፤ ልብሽ ይሮጣል፣ የደም ሥሮችሽ ይጠባሉ፣ ቆይቶ ይበርዳል። ሆርሞን ደግሞ እንደ ደብዳቤ ነው፤ በደም ተጉዞ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ትእዛዙ ግን ይቆያል። ሁለቱ ይነጋገራሉ። ነርቭ ኩላሊትሽን ይቀሰቅሳል፤ ከኩላሊት በሚነሳው መልእክት ደግሞ ከላይ እንደ ቆብ የተደፋችው እጢ ‹ጨው ያዙ፣ ውሃ ያዙ› ብላ ትጽፋለች። ያንቺ መጠጥ እሷ ሳትጽፍ የጻፈች ያስመስላል። ገላሽ ጨውና ውሃውን ይይዛል፣ ፖታሲየሙን ይጥላል።» ከዚያ ፈገግ ብላ «ስልኩን ሐዘንሽ ይዞታል፣ ደብዳቤውን መጠጥሽ። ግፊትሽ በየት በኩል ይውረድ?» አለችኝ።

መጠጡን ተዪው ስትለኝ ልጄን ዳግመኛ መቅበር መሰለኝ። አባትሽንም አሳባቂ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ማሰሮውን አጥቦ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ አመጣልኝና «የወለድሽው ራጋብን ነው፣ ሥሩን አይደለም» አለኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ኪኒኔን ዋጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ማሰሮውን በውሃ ብቻ እሞላለሁ፤ ኪኒኑንም ባለቅስም ባላለቅስም በሰዓቱ እውጣለሁ። ስድስት ሳምንቴ ነው። ባለፈው እሑድ ዶክተሯ ሁለቴ ለካችኝና መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ሁለት ሆነ። «በይ ሂጂ፣ ልጅሽን አርሰሽ ነይ፤ ኪኒኑን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ» አለችኝ። አባትሽ ትኬቱን ቆርጦልኛል፤ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ አጠገብሽ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን የስልኩ ልብሽን አስሩጦ ይበርዳል፤ ይህኛው ይቆይሽ ብዬ ነው።

ለዋግዲ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሚወደውን ጨዋማ የደምያጥ አይብ እንዳይጠብቅ ንገሪው፣ ጨው ከቤቴ ወጥቷል። ለእኅቱ ለሱዓድም ስላስታመመችሽ ምስጋናዬ ይድረሳት። አባትሽ ዓይንሽን ይስማል። የራጋብን ማሰሮ በልብሴ ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ውሃ ትጠጪበታለሽ። ገና ላልመጣው እንግዳችን ደግሞ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ፣ አያትህ ተነሥታለች በይው።

እናትሽ፣ የራጋብና የሽሩቅ እናት
ደምያጥ፣ ኦገስት 20 ቀን 2019