በሕይወት ታሪክህ ላይ የጨመርኳት መስመር

ሽሜ፣ የኔ ተከራካሪ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከዘጠኝ ቀን ሆነን። ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። አንተ ብትሆን "አድራሻ ሳይኖርሽ ምን ያስጽፍሻል?" ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ። እኔ ግን ካልጻፍኩልህ አይወጣልኝም፤ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ። እዚህ በሰው አገር፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። የማሞቂያውን ፊልተር አሁን የምቀይረው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የአገሩን ሰው ሁሉ ማሞቂያ ስትጠግን፣ እኔን አንድ ቀን ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወርደሽ እዪ ብለኸኝ አታውቅም። "ከበረደሽ ንገሪኝ" ብቻ ነበር። እናም የመጀመሪያውን ፊልተር ገልብጬ ከተትኩት። ላዩ ላይ የተሳለው ቀስት ወደ ማሽኑ ማየት እንዳለበት የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቤቱ አልፈረሰም፤ አንተ ብታየኝ ግን ለአንድ ወር መሳቂያህ ነበርኩ።

ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ቀድሞ የሚያስነሳልኝ የለም። የመስታወቱን በረዶ ራሴ እፍቃለሁ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ብዙውን ጊዜ የማለቅሰው እዚያ ነው። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ሥራ እሄዳለሁ።

ልጃችን ሩት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከቁመቷ በቀር ሁሉ ነገሯ አንተን ሆኗል። ለማንኛውም ነገር ማስረጃ ትጠይቃለች፤ አሸነፍኳት ስል አንድ ጥያቄ ታመጣና ትጥለኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሽሜ፣ በስምህ ዋሽቻለሁ።

እንደምታውቀው በኛ ቤተ ክርስቲያን ቀብር ላይ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ መቼ አገባ ይባልና፣ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቃት መስመር አለች፤ "ጌታን እንደ ግል አዳኙ ተቀብሎ ወደ እረፍቱ ሄደ" የምትለዋ። ያቺ መስመር ካለች ዘማሪዎቹ በተስፋ ይዘምራሉ፣ ሰውም "ትገናኛላችሁ" እያለ ያጽናናል። ከሌለች ግን እያንዳንዱ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይልና መሬት መሬት እያየ ያልፋል። ያንተን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያቺን መስመርም የጨመርኳት እኔ ነኝ።

አንተ ግን አላመንክም ነበር። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሁድ እሁድ ከቤት ተነስተን ፊሊፕስ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን እስክንደርስ ያለችው ሃያ ደቂቃ የክርክራችን ሰዓት ነበረች። እኔ ወደ ላይ ለአምልኮ ስወጣ፣ አንተ የመሣሪያ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወደ ታች፣ አዳራሹን ወደሚያሞቀው ወደ አሮጌው ቦይለር ትወርዳለህ። ሰዉ "ወንድም ሽመልስ ባይኖር በረዶ ሆነን ነበር" ይል ነበር። ስብከቱን በቧንቧው በኩል እንደምትሰማው የምታውቀው ሚስትህ ብቻ ናት፤ ስንመለስ ነጥብ በነጥብ እያነሳህ ትሞግተኝ ነበርና።

አንድ ቀን የረታሁህ መስሎኝ ነበር። "አንተ የተበላሸ ማሞቂያ ባየህ ቁጥር ማን ነው ይህን የገጠመው ደንቆሮ ትላለህ እንጂ፣ ራሱን ገጠመ ብለህ አታውቅም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰማይና ምድር ራሱን ገጠመ?" አልኩህ። መሪውን እንደያዝክ፣ "ገጣሚው ካለ ስልክ ቁጥሩን ስጪኝ፤ ስለ ዋራንቲው የምጠይቀው አለኝ" አልከኝ። ተናድጄ ቤት እስክንገባ አላናገርኩህም። ከዚያ ብቻዬን ኩሽና ገብቼ ሳቅኩ። ይህንን ነግሬህ አላውቅም።

የለም ብለህ ግን አታውቅም። አንተ የምትለው "አላውቅም" ነበር። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ታናሽ እህትህ በኩፍኝ ስትሞት አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉ እናትህን "ለበጎ ነው" ይላት ነበር። አንተ ያንን በጎ ነገር ስትጠብቅ አደግህ። አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ለበጎ ነው የሚል ሰው ፊት መቀመጥ አትችልም ነበር፤ ጫማህን ታጠልቅና ወደ ውጭ ትወጣ ነበር።

ስለ ሕይወት ዓላማ ስጠይቅህም እንደ መጽሐፍ አልነበረም የምትመልስልኝ። ፕሊማውዝ ከተማ ስለነበረችው አሮጊት ነበር የምትነግረኝ። በጥር ብርድ ማሞቂያዋ ጠፍቶባት፣ ቤቷ ውስጥ ኮቷን ለብሳ ቁጭ ብላ አገኘሃት። ጠግነህ ስትጨርስ ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ፤ እሷም ቁልፎቿን አንድ በአንድ ፈትታ ኮቷን አወለቀች። "እኔ እዚያ ቆሜ ለምን ተፈጠርኩ ብዬ አልጠየቅኩም" አልከኝ። ለኔ ይህ መልስ አይበቃኝም ነበር። አሁንም አይበቃኝም። ያቺን ሴትዮ ሳትወለድ ጀምሮ የሚያውቃት፣ አንተንም በዚያ ብርድ ወደ እሷ የላከህ አለ ብዬ ነው የማምነው። አንተ ደግሞ የላከኝ ቢሮው ነው ትላለህ።

ስትታመም ሰው ሁሉ እያነባ መጣ። ለበጎ ነው ያሉህም አልጠፉም፤ መነሳት ስላልቻልክ ጣሪያውን ታይ ነበር። አንድ ቀን እኔም አምልጦኝ አልኩህ። አንተ ግን እጄን ጨበጥ አደረግከኝና "አንቺ ስትዪው ይሻላል" አልከኝ። ያንን ይቅር በለኝ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋሽ ተክሉም መጡ። አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እንደሚወዱህ ነግረው፣ ጌታን ትቀበላለህ ወይ ብለው ጠየቁህ። አንተ እጃቸውን ይዘህ፣ "ጋሼ፣ ስለምወድዎት አልዋሽዎትም። አላውቅም። ስለፈራሁ ብቻ አዎ ብልዎት ለእርስዎም ለእሱም አይሆንም" አልካቸው። ጋሽ ተክሉ ግንባርህን ስመው ወጡ።

እሳቸው በመጡ በሦስተኛው ቀን እጅህን ይዤ ጸለይኩ። ሩትም አጠገባችን ነበረች። ስጨርስ "አሜን" አልክ። የውሸቴ መሠረት እንግዲህ ያቺ አሜን ናት። ለማን እንደሆነች ግን አውቃለሁ። ማዕድ ላይ ስጸልይም ሁልጊዜ አሜን ትል ነበር፤ "የማታምን ሰውዬ፣ ለማን ነው አሜን የምትለው?" ስልህ፣ "ላንቺ ነዋ" ነበር መልስህ።

ከሞትክ በኋላ፣ ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ታሪክህን ጻፍኩ። ልደትህን፣ ትምህርትህን፣ ጋብቻችንን፣ ሥራህን ሳላቋርጥ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ከዚያ "በመጨረሻ ሰዓቱ ጌታን እንደ ግል አዳኙ ተቀብሎ" ብዬ ጻፍኩ። የሰው አፍ ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ። ፈርቼ ነው። አንተ የሌለህበትን ዘላለም ማሰብ አቃተኝ። ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ሲነበብ አዳራሹ "ሃሌ ሉያ" ብሎ ተነሳ። ሰው ተቃቀፈ። አሁን አልዋሽህም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ሩትን ሳይ ግን ደነገጥኩ። የማታውቀው ሰው ቀብር ላይ በስህተት የገባች ትመስል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም፤ ከኔ ጋር ስላንተ ማውራትም አቆመች። አባትሽ እንዲህ ይል ነበር ስላት ስልኳን ታነሳለች። አንተን ቀብሬ ስመለስ ልጄም አብራኝ የለችም።

የሙት ዓመትህ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ መታሰቢያ ስላለ አብረሽኝ ነይ አልኳት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችልኝ። የሚታሰበው የትኛው አባቴ ነው፣ እኔ የማውቀው ወይስ አንቺ የጻፍሽው? አለችኝ። ያንተው ልጅ! ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልኩ። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ይህንን ትለኛለች? በማግስቱ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ልክ መሆኗ ገባኝ። አንተን መንግሥተ ሰማያት አስገባለሁ ብዬ ከገዛ ልጅህ ነጥዬህ ነበር።

እሁድ በምስክርነት ሰዓት ማይኩን ተቀበልኩ። ሩት መጥታ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። "ጌታ ይባረክ" ብዬ ጀመርኩ፤ "አሜን" አሉ። "ዛሬ የምመሰክረው ስለ ባለቤቴ ነው" አልኩ፤ "አሜን" አሉ። "ባለቤቴ ሽመልስ አምኖ አልሞተም፤ የሕይወት ታሪኩ ላይ ያስነበብኩት ውሸት ነው" አልኩ። አንዲት እህት በልማድ "ሃሌ ሉያ!" አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያ መሐል ሳቄ መጣ፤ አንተ ይህችን ሳትሰማ መቅረትህ ቆጨኝ።

ከዚያ ያልተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። ፈጣሪ መኖሩን ያላወቀ ሰው አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ይህንን ቤት ሲያሞቅላችሁ ኖሯል አልኳቸው። እኔ ፈጣሪ አለ ብዬ አምናለሁ፣ በከንቱ እንዳልተፈጠርንም አምናለሁ፤ እሱ ግን አላመነም፤ አመነ ብዬ ያስነበብኩት ስለፈራሁ ነው። እግዚአብሔር እንደማምነው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ በጻፍኩት ወረቀት የሚታለል አይመስለኝም። ይህንን ብዬ ማይኩን መለስኩ። አሜን ያለ አልነበረም።

ሲያልቅ አንዳንዶቹ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ፓስተሩ በማግስቱ ደውለው፣ ለጊዜው የሴቶቹን ጸሎት መምራት ትተሽ ብታርፊ አሉኝ። ይሁን አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ግን ከፋኝ፤ ያቺን ጸሎት ዘጠኝ ዓመት መርቻታለሁ።

እሁድ ዕለት በር ላይ የጠበቁኝ ጋሽ ተክሉ ነበሩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ ከአፉ ሰምቻለሁ። ሲነበብ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት እኔም ስለምወደው ነው፤ እውነት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ" አሉኝና ሰው ሁሉ እያየን አለቀሱ። ያ ፍርሃት የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተቃቅፈን ቆየን።

ሩት ያን ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያዋ ተመለሰች። ትናንት፣ ቅዳሜ፣ የሳምንት ልብሷን ጭና ልታጥብ መጣች። ፎጣ አብረን ስናጣጥፍ፣ "ማሚ፣ ግን አንቺ ሪሊ ጋድ አለ ብለሽ ታምኛለሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እንዴት ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ብዙ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት ካንተ ጋር የተለማመድኩት ሁሉ። ያልኳት ግን፣ አባትሽን የመሰለ ሰው በአጋጣሚ ተገኘ ቢሉኝ አልቀበልም ነው። "ማሚ፣ ዛት ኢዝ ኖት ኤቪደንስ" አለችኝ፤ ማስረጃ አይደለም ማለቷ ነው። አይደለም። ያለኝ ግን እሱ ነው። እሷም ፎጣውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስላንተ ታወራኝ ጀመር። እራት አልፎብን አወራን።

ሽሜ፣ አንተ ልክ ከሆንክ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው የለም። እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ መልሱን ከኔ ቀድመህ አግኝተኸዋል። ስላንተ ስጸልይ ፍርሃቴ አሁንም አልለቀቀኝም። ግን ውሸቴን ይዤ ስጸልይ ከነበረው ይሻላል፤ አሁን ቢያንስ የምጸልየው ስላንተ ነው።

ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ ሰው ስለ ሽመልስ ሲጠይቀኝ አላሳምርህም። እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፤ ለሩትም፣ ሩት ለምትወልዳቸውም እንደነበርክ እነግራቸዋለሁ። በፈጣሪዬ ፊት የምቆምበት ቀን ሲመጣም፣ ስለ ራሴ ከመጠየቄ በፊት ያንተን ስም እጠራለሁ። ያላመነው ባሌ የት አለ? እለዋለሁ። መልሱን ሳልሰማ ከቆምኩበት አልነቃነቅም።

ባለቤትህ አልማዝ